ነፋስ ሲበረታ፦ የፊት ሸራን ስለመጠቅለል የተደረገ ዳሰሳ

የወሎዋ መርሳ ባሕር የላትም። ነገር ግን ከመርሳ ተነሥቶ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር የሚበልጥ ውሃ ያገኛል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የታወቁበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው ሐይቅ በተባለው በዚሁ ውሃ ላይ ነው። ሰው በሐይቁ ላይ መመላለስ ከጀመረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። መመላለሻው ግን እስከ ዛሬ የሰው ክንድ ነው፤ አሁን አሁን ደግሞ ሞተር ተጨምሯል። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ውሃውን አሽቶ ያልፋል እንጂ ሥራ የሚሰጠው አላገኘም።

ባለ ሸራ ጀልባ ለሐይቅ፣ ለላንጋኖ፣ ለባቦጋያ ወይም ለጣና ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ ሸራው እንዴት ይገታል የሚለው ነው። ጀልባን በሸራ ማስኬድ በጥቂት ቀናት ይለመዳል። መግታቱ ግን የራሱ ትምህርት ያስፈልገዋል፤ በተለይ በጀልባዋ አፍንጫ በኩል የሚዘረጋው የፊት ሸራ አያያዙ ከባድ ነው። ከሰው እጅ ይርቃል፤ ጠርዙም ነፋሱን ከሁሉ ቀድሞ ይገናኛል። በዚህ ጉዳይ በቀይ ባሕር፣ በኦሞ ዳርቻና በሌላውም ዓለም የተሞከሩትን መንገዶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። በማዕበል ሰዓት ሸራ እምቢ የሚለው፣ ብዙውን ጊዜ ቀደም ሲል ነፋሱ ለስላሳ በነበረበት ሰዓት በተሠራ ስሕተት ነው።

ከኃይሉ እንጀምር። ነፋስ በሸራ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ስፋቱ 12 ካሬ ሜትር የሆነ የፊት ሸራ እንውሰድ። በባሕር ጠለል ላይ 10 ኖት ማለትም በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በሚነፍስ ነፋስ ውስጥ የሚያርፍበት ኃይል ወደ 20 ኪሎ ግራም ነው። በ20 ኖት 80፣ በ30 ኖት ደግሞ 180 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። 20 ኪሎ ለአንድ ወጣት ክንድ ምንም አይደለም። 180 ኪሎ ግን ሁለት ሰውም በባዶ እጅ አይመልሰውም።

እዚህ ላይ የባሕር መጻሕፍት የማይነግሩን የራሳችን ነገር አለ። የሐይቅ ውሃ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ እዚህ የሚያሳርፈው ኃይል በምጽዋ ወይም በጅቡቲ ከሚያሳርፈው በአንድ አምስተኛ ያነሰ ይሆናል። መልካም ዜና ይመስላል፤ ግን ብዙ አያጽናናም። ባሕር ላይ ነፋስ ቀስ እያለ ሲጠነክር ሰው ያየዋል። በተራራ የተከበበ ሐይቅ ላይ ግን ነፋሱ ከገደሉ አፋፍ በድንገት ይወርድና አቅጣጫውን እየቀያየረ ይመታል። ከ10 ወደ 25 ኖት በአንድ ትንፋሽ ከዘለለ፣ በአየሩ መሳሳት የተገኘው ቅናሽ በስድስት እጥፍ ጭማሪ ይዋጣል።

በክረምት ዝናቡን ቀድሞ የሚመጣውን ነፋስ የወሎ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ደመናው ገና በተራራው ላይ ሳለ ቀዝቃዛው አየር ወርዶ የመንገዱን አቧራ ያስነሣል። ውሃ ላይ አቧራ የለም፤ በምትኩ ጠቆር ያለ፣ የተሸበሸበ መስመር ወደ ጀልባዋ ሲገሰግስ ይታያል። መስመሩ አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሳለ ከታየና ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ለነጂው የቀረው ሁለት ደቂቃ ነው። የሐይቅ ውሃ ከዳር እስከ ዳር ቢለካ ስድስትና ሰባት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ከዚህ የረዘመ ማስጠንቀቂያ መጠበቅ አይቻልም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ማለቅ የማይችል የሸራ አያያዝ ለእኛ ሐይቆች አይሆንም።

የፊት ሸራ በብርቱ ነፋስ ውስጥ ገመዱ ተለቆ ሲራገብ ምን እንደሚሆን ለማየት ጀልባ አያስፈልግም። ከወልድያ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ ከሚወርዱት የጭነት መኪኖች አንዱ የሸራው ጥግ ተፈትቶበት ሲያልፍ ማየት ይበቃል። በደንብ የተወጠረው የሸራው ክፍል ዓመት ይቆያል። የተፈታው ጥግ ግን እየተማታ በአንድ ጉዞ ይቀደዳል፤ ጫፉ ላይ ያለው ገመድም ሰው ቢያገኝ ዓይን ያጠፋል። የጀልባ ሸራም እንዲሁ ነው፤ የሚጎዳው ሲወጠር ሳይሆን ሲለቀቅ ነው። ጀማሪ ሰው ሲደነግጥ የያዘውን ገመድ ሁሉ መልቀቅ ይቀናዋል፤ የፊት ሸራ አደጋ አብዛኛው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የቀይ ባሕር ሰዎች ለዚህ የነበራቸው መልስ ጥንታዊና ቀጥተኛ ነው። ከአዱሊስ ወደብ መርከብ መነሣት የጀመረው ከንጉሥ ካሌብ በፊት ነው፤ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ ሠራዊታቸውን ወደ የመን ያሻገሩትም በዚያው ወደብ በኩል ነው። በምጽዋ፣ በታጁራና በኤደን መካከል እስከ ቅርብ ዘመን ሲመላለስ የኖረው ሳንቡክ የሚባለው መርከብ ሦስት ማዕዘን ሸራውን በረጅም አግዳሚ እንጨት ላይ ይሸከማል። ይህ ሸራ በአብዛኛው አይጠቀለልም፤ አይታጠፍምም። ባሕረኞቹ ትልቅና ትንሽ ሸራ ይይዛሉ፤ ነፋሱ እንደሚበረታ ሲገምቱ አግዳሚውን ያወርዱና ትልቁን ፈትተው ትንሹን ያስራሉ። አቅጣጫ ሲቀይሩም አፍንጫቸውን በነፋሱ ውስጥ አያሳልፉም፤ ዞረው ነፋሱን ከኋላ ይቀበሉታል። አውስትራሊያዊው አለን ቪልየርስ እ.ኤ.አ. በ1938 እና በ1939 ከዐረብ ባሕረኞች ጋር ተጉዞ ይህን ሥራ በጽሑፍና በፎቶግራፍ አስቀርቷል። ከእርሱ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1911 ወደ እኛ አገር መጥቶ ቡናና ቆዳ ሲነግድ የቆየው ፈረንሳዊው ሄንሪ ደ ሞንፍሬድም በቀይ ባሕር ላይ የሳንቡክ ነጂ ሆኖ ነበር።

ሸራ መለወጥ ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ ጊዜም ይወስዳል። ጥቅሙ ግን ሳይታይ መታለፍ የለበትም። ውሳኔው የግድ አስቀድሞ ይወሰናል። ነፋሱ ከደረሰ በኋላ አግዳሚ ማውረድ ሞት መሆኑን የሳንቡኩ አዛዥ (ናኮዳው) ስለሚያውቅ፣ ሰማዩን አይቶ ገና በጊዜው ትንሹን ሸራ ያስወጣል። የኋላው ዘመን መሣሪያዎች ሥራውን ባቀለሉት መጠን ይህን አስቀድሞ የመወሰን ልማድ አዳክመውታል።

ሸራን በእንጨት ላይ ጠቅልሎ ማሳነስ የሚለው ሐሳብ ደግሞ በየብስም ብዙ የኖረ ነው፤ ወደ አገራችንም በውሃ መሳቢያ መልክ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በታችኛው ኦሞ፣ በዳሰነች ሕዝብ መካከል ይሠራ የነበረው የአሜሪካ ፕሪስባይቴሪያን ሚስዮን ከወንዙ ውሃ ስቦ እርሻ የሚያጠጣ የነፋስ መዘውር አቆመ። ንድፉ የተወሰደው ከቀርጤስ ደሴት ነው፤ በዚያ በላሲቲ አምባ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለ ሸራ መዘውሮች ይዞሩ ነበር። በየክንዱ ላይ ሦስት ማዕዘን ሸራ ይታሰራል፤ የሸራው ነጻ ጥግ በገመድ ከቀጣዩ ክንድ ጋር ይያያዛል። ነፋስ ሲበረታ ሸራው በክንዱ ላይ ተጠቅልሎ ያንሳል፤ ወይም ከሸራዎቹ የተወሰኑት ይፈታሉ። የዚህ ሥራ ዘገባ በእንግሊዛዊው መሐንዲስ ፒተር ፍራንከል ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1975 ለንደን ላይ ታትሟል። መጽሐፉን ስለ ጀልባ የሚያስብ ኢትዮጵያዊ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ሸራን እንደ ነፋሱ መጠን ማስፋትና ማሳነስ የሚባለው ሙያ በቆላ እርሻ ላይ ተሞክሮ እንደነበር ያሳያል። የንድፉ ድካም ግን ግልጽ ነው፤ ሸራውን ለመጠቅለል መጀመሪያ መዘውሩ መቆም አለበት፤ ሰውም እጁን ወደ ክንዶቹ መላክ አለበት።

ይህን ድካም ለማስቀረት እንግሊዝ አገር የነበሩ የነፋስ ወፍጮ ባለሙያዎች ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1789 ስቲቨን ሁፐር ሸራዎቹ ወፍጮው ሳይቆም በአንድ ገመድ የሚጠቀለሉበትን ዘዴ አወጣ። በ1807 ደግሞ ዊልያም ኩቢት ይበልጥ አሻሻለው። በአሸጎዳና በአዳማ የምናያቸው የዛሬዎቹ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችም ነፋሱ ሲያይል ክንፋቸውን በዘንጉ ላይ አዙረው ስለቱን ወደ ነፋሱ ይሰጣሉ፤ ከልክ ሲያልፍም ራሳቸውን ያቆማሉ። ማሳነሱ ያው ነው፤ የሚያሳንሰው ሰው ብቻ እየራቀ ሄዷል።

በጀልባ ላይ የዚህ ታሪክ መጨረሻ የሚጠቀለለው የፊት ሸራ ነው። ከጀልባዋ አፍንጫ እስከ ምሰሶው ጫፍ የተወጠረ የሽቦ ገመድ አለ፤ በላዩ ላይ ጎድጎድ ያለ የአሉሚኒየም ቱቦ ይለብሳል፤ የሸራው የፊት ጠርዝ በጎድጓዳው ውስጥ ይገባል። ከታች ገመድ የሚጠመጠምበት ማጠንጠኛ፣ ከላይ ደግሞ መስቀያው ገመድ ሳይዞር ሸራው ብቻ እንዲዞር የሚያደርግ ተሽከርካሪ ማያያዣ አለው። የማጠንጠኛው ገመድ በጀልባዋ ጎን አልፎ ነጂው እስከሚቀመጥበት ድረስ ይመጣል። ሲሳብ ቱቦው ይዞራል፤ ሸራውም በራሱ ላይ ይጠቀለላል። ማንም ወደ አፍንጫው መሄድ የለበትም። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ በተለይ ለጣና። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ነፋሱ ረጅም ሜዳ አግኝቶ አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ያነሣል። በዚያ ሞገድ ውስጥ በምትዘል አፍንጫ ላይ ቆሞ ሸራ ማውረድ ለዋናተኛም አይመከርም።

አሠራሩ በቅደም ተከተል ሲታይ እንዲህ ነው። ነጂው መጀመሪያ ጀልባዋን ከነፋሱ ይመልሳታል፤ ነፋሱን ከኋላ፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርጎ ይይዘዋል። ምክንያቱ በስሌት ይታያል። በ20 ኖት ነፋስ ውስጥ 5 ኖት የምትሄድ ጀልባ ወደ ነፋሱ ስትጓዝ ሸራዋ የሚሰማው 25 ኖት ሊጠጋ ይችላል፤ ከነፋሱ ጋር ስትሸሽ ግን 15 ኖት ብቻ ነው። ከኃይሉ ከአንድ ሦስተኛ ብዙም የማይበልጥ ብቻ ይቀራል። በዚያ ላይ ዋናው ሸራ ከኋላ ሆኖ የፊቱን ይከልለዋል። ነፋሱ ቀጥ ብሎ ከኋላ ከመጣ ግን የዋናው ሸራ አግዳሚ በድንገት ወደ ሌላው ጎን ተወርውሮ ራስ ሊመታ ስለሚችል በጥቂቱ ማዘንበል ይሻላል። ሽሽቱ ቦታ መጠየቁም አይረሳ፤ በትንሽ ሐይቅ ላይ በነፋሱ አቅጣጫ ያለው ዳርቻ ሩቅ አይደለም።

ቀጥሎ ሁለቱም ገመዶች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። በአንዱ እጅ የሸራውን ነጻ ጥግ የሚይዘው መሳቢያ ገመድ፣ ገመድ በሚጠመጠምበት ማሽከርከሪያ ላይ አንድ ዙር እንደዞረ፣ ቀስ እየተባለ ይለቀቃል። በሌላው እጅ የመጠቅለያው ገመድ ይሳባል። ዋናው ቁም ነገር የሚለቀቀው ገመድ ፈጽሞ እንዳይላላ ነው። ጥቂት ውጥረት ካለው ሸራው ጠበቅ ብሎ ይጠቀለላል። ጨርሶ ከተለቀቀ ግን ከላይ ባየነው ዓይነት ይማታል፤ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ መሳቢያ ገመዶች እርስ በርስ ተጠማጥመው ማንም የማይፈታው ቋጠሮ ይሠራሉ። ሁለት ሰዎች ካሉ አንዱ ይለቅቃል፣ አንዱ ይስባል፤ የሚለቅቀው ሰው ሥራ ከሚስበው ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለልምድ የለሹ የሚሰጠው እርሱ ነው።

ገመዱ መሐል ላይ እምቢ ካለስ? እዚህ ላይ ኃይል መጨመር ትልቁ አደጋ ነው። በማሽከርከሪያ ተስቦ የመጣ ጉልበት ቱቦውን ያጣምማል፤ ሽቦውን ይበጥሳል፤ የፊቱ ሽቦ ከተበጠሰ ደግሞ ምሰሶው ሊወድቅ ይችላል። ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ምናልባት መሳቢያው ገመድ ከማሰሪያው አልተፈታ ይሆናል። ምናልባት ከላይ መስቀያው ገመድ በቱቦው ላይ ተጠምጥሞ ይሆናል፤ ይህ የሚመጣው ገመዱ ከቱቦው ጋር በጣም ተጠግቶ ሲሰቀል ነው። ከሁሉም የበለጠ የሚያጋጥመው ግን በማጠንጠኛው ላይ ገመዱ አንዱ ዙር በሌላው ሥር ገብቶ መያዙ ነው።

ይህ የመጨረሻው ከየት መጣ? ነፋሱ ሲበረታ አልተፈጠረም። ጠዋት፣ ውሃው ገና እንደ ተኛ፣ ነጂው ሸራውን ሲዘረጋ የመጠቅለያውን ገመድ በእጁ ሳይዝ ለቀቀው። ሸራው በፍጥነት ተፈታ፤ ማጠንጠኛው ገመዱን ላልቶና ተደራርቦ ሰበሰበው። ያን ጊዜ ምንም አልታየም። ከሰዓት በኋላ ሲሳብ፣ የላላው ዙር ከጠበቀው ሥር ሰምጦ ነከሰ። ስለዚህ የብርቱ ነፋስ ልምምድ የሚጀምረው ከመዘርጋት ነው፤ ሸራው በወጣ ቁጥር የመጠቅለያው ገመድ በጓንት በተሸፈነ እጅ በጥቂቱ እየተያዘ መሄድ አለበት።

ሌላም ከመውጣት በፊት የሚታይ ጉድለት አለ። በለስላሳ ነፋስ የተጠቀለለ ሸራ ላላ ስለሚል በጥቂት ዙር ያልቃል። በብርቱ ነፋስ ግን ጠብቆ ስለሚጠቀለል ተጨማሪ ዙር ይፈልጋል። በማጠንጠኛው ላይ ያለው ገመድ ለጸጥታው ቀን ብቻ ከተለካ፣ በማዕበሉ ቀን የሸራው ጥግ ገና ሳይገባ ገመዱ ያልቃል፤ ያ የቀረው ቁራጭም ሌሊቱን ሙሉ እየተማታ ሸራውን ይበላዋል። ሸራው ሙሉ በሙሉ ተጠቅልሎ መሳቢያ ገመዶቹም ሁለት ሦስት ጊዜ ከዞሩበት በኋላ በማጠንጠኛው ላይ ጥቂት ትርፍ ዙሮች መቅረት አለባቸው።

በግማሽ ጠቅልሎ መሄድስ? በዚህ ላይ ባለሙያዎች ይለያያሉ፤ እኔም አቋሜን እናገራለሁ። ሸራ ሲጠቀለል መሐሉ እንደ ከረጢት ይጎደጉዳል፤ የጎደጎደ ሸራ ደግሞ ጀልባዋን ወደ ፊት ከመሳብ ይልቅ ወደ ጎን ያጋድላታል። ከፊት ጠርዙ ሥር ስፖንጅ የተሰፋበት ሸራ ይህን በተወሰነ ደረጃ ያስተካክላል። የመሳቢያው ገመድ መውጫም ወደ ፊት መገፋት አለበት፤ አለዚያ የሸራው ላይኛው ክፍል ይከፈትና ይራገባል። ይህ ሁሉ ቢደረግም ከስፋቱ አንድ ሦስተኛ በላይ የተጠቀለለ ሸራ ነፋስን ተቃውሞ ለመጓዝ ብዙ አይረዳም። በዚያ ላይ ያን ሁሉ ኃይል የያዘው ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ገመድ ነው። እርሱ ተፋትጎ ከተበጠሰ ሸራው ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋው በጣም በማይፈለግበት ሰዓት ነው። ለትንንሽ ጀልባዎች የሚሸጡ ብዙ ማጠንጠኛዎች ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ለመዘርጋትና ሙሉ ለሙሉ ለመጠቅለል ብቻ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ በትንሽ ጀልባ ላይ ግማሽ ጥቅል ለአጭር ሽሽት እንጂ ለጉዞ አይሆንም እላለሁ።

እምቢ ያለ ሸራ ጨርሶ ካልተጠቀለለስ? ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ከሆነ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መስቀያውን ገመድ ፈትቶ ማውረድ ይቻላል። በግማሽ የተጠቀለለ ሸራ ግን አይወርድም፤ በራሱ ላይ ታስሯል። ያን ጊዜ የቀረው ዘዴ ሞተር አስነሥቶ ጀልባዋን በክብ እያዞሩ ሸራው ራሱ በሽቦው ላይ እንዲጠመጠም ማድረግ ነው። መልኩ አያምርም፤ ግን ይሠራል።

ወደ ራሳችን ሐይቆች ስመለስ ፍርዴ ሁለት መልክ አለው። ለጣና፣ ጎብኚ ለሚጭን ጀልባ፣ የሚጠቀለለው የፊት ሸራ ዋጋውን የሚያወጣ ነው፤ ማንም ሰው ወደ አፍንጫው እንዳይሄድ ያደርጋልና። ለሐይቅና ለባቦጋያ፣ ከ5 ሜትር ለማትበልጥ ጀልባ ግን የሳንቡኩን መንገድ እመርጣለሁ፤ በቀለበት በሽቦው ላይ የሚሰካና አንድ ገመድ ሲለቀቅ የሚወርድ ትንሽ ሸራ። በጠዋት ሰማዩን አይቶ ትንሹን ወይም ትልቁን መርጦ መውጣት ይሻላል። ማጠንጠኛው ሲሰበር መለዋወጫው በመርሳም ሆነ በደሴ ሱቅ አይገኝም፤ ቀለበትና ገመድ ግን ማንኛውም ብረት ሠሪና ገመድ ሻጭ ያገኝለታል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ ለዓለም የንግድ መርከቦች የሞተርና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። የሸራ ሙያ ግን ገና ቦታ አላገኘም፤ ቦታ የሚያገኘው ምናልባት ከትልቅ ትምህርት ቤት ሳይሆን በሐይቅ ዳር ከሚያድጉ፣ ነፋሱን ከልጅነታቸው ከሚያውቁ ወጣቶች ዘንድ ይሆናል። እነዚህ ወጣቶች ከሸራው በፊት ሁለት ነገር ያስፈልጋቸዋል፦ ሁልጊዜ የሚለበስ የሕይወት አድን ጃኬት እና በነፋስ ቀን ለእርዳታ ዝግጁ የሆነ ሞተር ጀልባ። ዳርቻው ላይ ሆኖ ሲያዩት ቅርብ የሚመስለው ውሃ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው።

ከጉዞ መልስ በኋላም የሚቀር ሥራ አለ። ዳር ላይ የታሰረች ጀልባ በሌሊት ነፋስ ሸራዋ በራሱ ሊፈታ ይችላል፤ ጀልባዋንም ከማሰሪያዋ ጋር ሊያታግላት ይችላል። የተጠቀለለው ሸራ በጨርቅ ቀበቶ ወገቡ ላይ ይታሰራል፤ የመጠቅለያው ገመድም ከማሰሪያው በተጨማሪ በሌላ ቋጠሮ ይያዛል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ፀሐይ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ስለምትበረታ በውጭ በኩል የሚታየው የሸራ ጠርዝ የፀሐይ መከላከያ ጨርቅ ሊሰፋበት ይገባል። ጀልባዋ ከሳምንት በላይ የማትንቀሳቀስ ከሆነ ግን ሸራውን ከቱቦው አውጥቶ፣ አድርቆና አጥፎ ቤት ማስገባት ከሁሉ ይሻላል።